ከፊት ማን ይቅደም? የስምንት ወዳጆች የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከተራራው ግርጌ ስንነሣ ዕቅዱ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ምሳን ቤት መብላት ነበር። የተመለስነው 10 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። በመሀል አንድ ሰው ወድቀዋል። ደግነቱ ማንም ሆስፒታል አልገባም፤ እንደ አደጋ የሚወራ ነገር የለውም። ግን ቀኑ ለምን እንደዚያ እንደረዘመና ሰውየው ለምን እንደወደቁ ቁጭ ብለን ስናወራው ያገኘነው መልስ መጀመሪያ ከገመትነው የተለየ ሆነ። ከስድሳ ካለፉ ወዳጆቹ ጋር ተራራ ለሚወጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰዓቶቹ ከደብተር የተወሰዱ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ በደረሱበት ሁሉ ሰዓት የሚመዘግቡባት ኪስ የምትገባ ደብተር አለቻቸው። ብዙ ተቀልዶባቸዋል። ያለ እሷ ግን ይህ ጽሑፍ ሁሉ "እንደመሰለኝ" ይሆን ነበር።

ሰዎቹ

ስም አልጠራም። እርስ በርስ በምንጠራራበት ልጥራቸው።

እትዬ 74 ዓመታቸው ነው፤ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ። ጋሼ 72፣ ባንክ ቤት ነበሩ። መሐንዲሱ 70። ስፖርት መምህሩ 67፤ ዛሬም ልጆች ያሠለጥናሉ፤ እግራቸው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ያስንቃል። ሲስተር 66፣ ዕድሜዋን በሙሉ ድንገተኛ ክፍል የሠራች ነርስ ናት። ከዚያ ባልና ሚስት አሉ፤ ሁለቱም በስድሳዎቹ መጀመሪያ፤ ባልየው የስኳር ሕመም አለባቸው። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። 58 ዓመቴ ነው፤ "ልጅቷ" የሚሉኝ ብቸኛ ቦታ ይህ ቡድን ነው።

በአንድ ሰፈር ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። የአንዱን ሕመም ሌላው ያውቃል። ጋሼ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ዓይነት ኪኒን እንደሚወስዱ ሁላችንም እናውቃለን። ኪኒኖቹ ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርጉ ግን ከሲስተር በቀር ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ይኼ ነገር ትልቅ ቦታ አለው።

ስሌቱ

መንገዱ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ከግርጌ እስከ ጫፍ 620 ሜትር ከፍታ አለው። መሐንዲሱ ሰዓቱን ያሰሉት በታወቀ ቀመር ነው። ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በኛ መለኪያ ሲጠጋጋ፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። በዚህ ሒሳብ ጉዟችን 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወጣ። መሐንዲሱ ለዕረፍት አንድ ሰዓት ጨመሩ። 4 ሰዓት ከ50 ሆነ። "ለምሳ እንደርሳለን" አሉ። ስለዚህ አብዛኞቻችን የያዝነው ዳቦ፣ ሙዝና ጥቂት ለውዝ ብቻ ነበር።

ቀመሩ መጥፎ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ስለሚሠራ ነው። ግን የተሠራው ጠንካራ እግር ላለው፣ ሳያርፍ ለሚሄድ ሰው ነው። ቁልቁለትንም አይቆጥርም። ይህን ክፍተት ኤሪክ ላንግሙር የተባለ ብሪታንያዊ የተራራ ባለሙያ በኋላ አስተካክሎታል። ለስለስ ያለ ቁልቁለት ከሆነ ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ ይቀነሳል፤ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ከሆነ ግን 10 ደቂቃ ይጨመራል። መውረድም ጊዜ ይበላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዕድሜ አለ። ሰውነት ኦክስጅን ተጠቅሞ የሚሠራበት አቅም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከሰባ በኋላ ቅናሹ ይፈጥናል። የሚንቀሳቀስ ሰው ይዘገይለታል እንጂ አይቀርለትም። ታዲያ ስምንት ሰው በአንድ ፍጥነት ሲሄድ፣ ለአንዱ እያወራ የሚሄድበት ፍጥነት ለሌላው የአቅሙ ጣሪያ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ግን ሁለቱም እኩል እየሄዱ ነው።

ሽቅብ

ስፖርት መምህሩ ፊት ሆኑ። ማንም አልመረጣቸውም፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ባልና ሚስቱና መሐንዲሱ ተከተሏቸው። ሲስተርና እኔ መሀል። እትዬና ጋሼ ኋላ።

የመጀመሪያው ሰዓት ደስ ይል ነበር። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዳገቱም ገና አልከበደም። ከዚያ ሰልፉ መርዘም ጀመረ። ስፖርት መምህሩ ለነገሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ጥለውን አልሄዱም። በየተወሰነው ርቀት ቆም ብለው ይጠብቁ ነበር። ተንኮሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ፊት ያሉት ይደርሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ሙዝ ይልጣሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አረፉ እንበል። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ጋሼ ይደርሳሉ። "ጎሽ፣ መጡ! በሉ እንሂድ፣ እንዳንቀዘቅዝ" ይባላል። ሁሉም ብድግ ይላል። ጋሼም ሳይቀመጡ ይቀጥላሉ። ሽቅብ ስንወጣ አራት ቦታ አርፈናል። ደብተሩ ላይ ሲደመር የፊተኞቹ አንድ ሰዓት ገደማ አርፈዋል። ጋሼ አሥር ደቂቃም አልሞላላቸውም። በጣም የሚያርፈው በጣም ያልደከመው ሰው ነበር ማለት ነው።

የጋሼ የውኃ ኮዳ ቦርሳቸው ሥር፣ ከሹራቡ በታች ነበር። ለመጠጣት ቦርሳውን ማውረድ፣ ዚፑን መክፈት፣ ሹራቡን ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሰልፉ ይርቃቸዋል። ስለዚህ ተዉት። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ያንን ግን የሰማነው በኋላ ነው። ከሁለቱ ኪኒኖች አንዱ የሚያሸና ነው። ጠዋት እንደ ወትሮው ውጠውታል። በሴቶች መካከል እየሄዱ በየደቂቃው ወደ ቁጥቋጦ መታጠፍ ስላፈሩ አለመጠጣትን መረጡ። በዚህ ላይ ከዕድሜ ጋር የጥም ስሜት ይደክማል። ኩላሊትም ውኃ ቆጥቦ የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል። ሰውነት ደርቆ እንኳ ሰውየው "አልጠማኝም" ሊል ይችላል፤ ውሸቱን አይደለም።

ሁለተኛው ማረፊያ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ስፖርት መምህሩ የጋሼን እጅ ይዘው የልብ ምታቸውን ቆጠሩ። "104! ጋሼ፣ ገና ብዙ ይቀርዎታል" አሉ። ያሰቡት ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው፤ ለ72 ዓመት ሰው ጣሪያው 148 ይሆናል። ሰልጣኝ ልጆች ላይ የሚሠሩበት ሒሳብ ነው። ጋሼም ቁጥሩን ሲሰሙ "እንዲያውም ሰነፍኩ ማለት ነው" ብለው ፈጠን አሉ። የጋሼ ሁለተኛ ኪኒን ግን ቤታ ብሎከር ነው። ይህ መድኃኒት ልብ እንዳይፈጥን ይይዛል። እሱን የሚወስድ ሰው አቅሙ ተሟጦም የልብ ምቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። 104 የነገረን ስለ ድካማቸው ሳይሆን ስለ ኪኒኑ ነበር።

የተሻለ መለኪያ አብሯቸው ይሄድ ነበር፤ ወሬያቸው። ጋሼን የሚያውቅ ሰው ዝም ብለው እንደማያውቁ ያውቃል። እትዬ በኋላ እንዳጫወቱን፣ ከሁለተኛው ማረፊያ በኋላ ጋሼ መልሳቸው "እህ" እና "አዎ" ብቻ ሆኖ ነበር። ሰው እየሄደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ፍጥነቱ ለእሱ በዝቷል። ሰዓትም መሣሪያም አይፈልግም፤ ምን ኪኒን ቢወስድም ይሠራል።

ጫፍ ላይ

የደረስነው 5 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። በስሌቱ 4 ሰዓት ከ45 ገደማ ነበር መድረስ የነበረብን። ነፋስ ነበረ። አየር በየ1000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ለኛ ከፍታ 4 ዲግሪ ማለት ነው። በላብ ለራሰ ሸሚዝ 4 ዲግሪና ነፋስ ቀላል አይደለም። ሲስተር ሁሉም ሹራብ እንዲደርብ ጮኸችብን።

እዚህ የስፖርት መምህሩ ጫማ ጉድ ሠራን። ቁም ሳጥን ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጠ፣ ሲያዩት አዲስ የሚመስል የተራራ ጫማ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ሲያነሡ የቀኙ ሶል ከፊቱ ጀምሮ ተላቆ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በተላቀቀው መሀል ያለው ነገር በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ብዙ የተራራ ጫማ ሶሉ መሀል ፖሊዩሪቴን የሚባል ለስላሳ ንብርብር አለው። የአየር እርጥበት ከዓመት ወደ ዓመት ይበላዋል። ሲለብሱት ቢያልቅ ይታያል፤ ሳይለበስ ሲኖር ግን ውስጥ ውስጡን ያልቅና ዳገት ላይ ያዋርዳል። ሲስተር የቁስል ፕላስተር፣ መሐንዲሱ ገመድ አዋጡ። ጫማው እንደ እሽግ ዕቃ ተጠምጥሞ ታሰረ። ስቀን ልንሞት ነበር።

በሳቁ መሀል ማንም ያላስተዋለው ነገር ቢኖር ጋሼ ምንም አለመብላታቸው ነው። ዳቦውን ቆርሰው ያዙት፤ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። ድካም ሲበዛ ምግብ ይከለክላል።

ቁልቁለት

6 ሰዓት ከ40 ላይ መውረድ ጀመርን። ስፖርት መምህሩ በታሰረ ጫማ ወደ ኋላ ቀሩ። ታዲያ ፍጥነቱ ረገበ? የለም። አሁን ፊት የሆኑት መሐንዲሱ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ደብተሩ ያሳድዳቸዋል። የዘገየነውን እናካክስ አሉ።

ሰው ጫፍ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መውረድ ትንፋሽ አይጠይቅም፤ እውነት ነው። ጭን ግን ይጠይቃል። ስንወርድ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻን በጣም የሚያደክመው እንደዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ በነጋታውና በሠልስቱ ደረጃ ስንወርድ የምናቃስተውም ለዚህ ነው። የደከመ ጭን ድንገት ይከዳል። ሰው ሲያረጅ ደግሞ ከጡንቻ ጥንካሬ በላይ የሚቀንሰው የጡንቻ ፍጥነት ነው። ሲያዳልጥ እግርን ቶሎ አውጥቶ ራስን ለማዳን የሚያስፈልገው ያ ፍጥነት ነው።

ጋሼ የመራመጃ ዱላ ነበራቸው። ልጃቸው የገዛላቸው ጥሩ ዱላ። ቦርሳቸው ላይ ታስሮ ነበር። ጠዋት ለምን እንደማይዙት ስጠይቃቸው "ምርኩዝ ለመያዝ ገና ነኝ" ብለውኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት ቁልቁለት ላይ በሁለት ዱላ መውረድ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ 25 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። የተራራ ጎረምሶች ሁሉ ይይዙታል። ጋሼ ግን ዱላውን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው።

8 ሰዓት ላይ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ከወረድን በኋላ፣ ጠጠር የፈሰሰበት ቁልቁለት ደረስን። ከኋላቸው ነበርኩ። ቀኝ እግራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ድንጋዩ ተንሸራተተ፤ በመቀመጫቸው ወረዱ፤ ግራ እጃቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ድምፅ አላሰሙም። እኔ ነኝ የጮህኩት።

ሲስተር ስትደርስ የሆነውን ማየት ትምህርት ነበር። መጀመሪያ አላነሣቻቸውም። ሁላችንም ለማንሣት ስንረባረብ "ማንም እንዳይነካቸው!" አለች። ራሳቸውን መመታት አለመመታታቸውን ጠየቀች። ፈገግ እንዲሉላት፣ ሁለት እጃቸውን እኩል እንዲያነሡ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ አዘዘች፤ ስትሮክ አለመሆኑን ለማየት ነው። ደረታቸውን እንደሚያማቸው ጠየቀች። ከዚያ ወደ እጁ መጣች። መዳፋቸው ተልጧል። የእጅ አንጓቸውን ዳሰሰች፤ በአውራ ጣት ሥር ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ በጣቷ ተጫነች። እዚያ ላይ ካመመ በእጅ የወደቀ ሰው ላይ በቀላሉ የማይታይ ስብራት ሊኖር ይችላል። አላመማቸውም።

"በቃ፣ ደህና ነኝ" ብለው ተነሡ። ወዲያው "ዓይኔ ጨለመብኝ" አሉ። ሲስተር ደግፋ መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያ አስተኝታ እግራቸውን ቦርሳ ላይ ከፍ አደረገች። ስፖርት መምህሩ እጃቸውን ይዘው ቆጠሩ። "62፤ ልባቸው ደህና ነው" አሉ። ሲስተር ቀና ብላ አየቻቸው። "ስድሳ ሁለቱ የኪኒኑ ነው" አለች። "ልባቸውማ መፍጠን ፈልጎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም።"

ከዚያ የጋሼን ኮዳ አወጣች። አንድ ሊትር የሚይዝ ኮዳ ነው። ከሩብ በላይ አልጎደለም። ስድስት ሰዓት ተራራ ላይ ቆይተን!

ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ፣ በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ነበራት። ከየኮዳችን አዋጥተን በሊትር በጠበጠችው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲጎነጩ አደረገች። ከሥራቸው ጃኬት አነጠፍን፣ ከላያቸው ሌላ ደረብን። መሬት ከነፋስ ባልተናነሰ ሙቀት ይሰርቃል፤ ከላይ ብቻ መደረብ አይበቃም። ባልየውንም ዞር ብላ "አንተስ፣ ስኳርህ?" አለቻቸው። ከረሜላ ሲበሉ መምጣታቸውን አመኑ፤ ሚስታቸው ገላመጧቸው። ለነገሩ ከረሜላው ጥሩ ነው፤ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ምሳ ሲዘገይበት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ወደ 15 ግራም የሚሆን ፈጣን ስኳር መውሰድና 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ማየት ነው ደንቡ።

ስፖርት መምህሩ ሮጠው ወርደው ሰው ላምጣ አሉ። በዚያ ጫማ! ሲስተር ግልጽ ወሰን አስቀመጠች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሻሻል ካላሳዩ ስልክ ተደውሎ እርዳታ ይጠራል፤ ከተሻሻሉ አብረን እንወርዳለን፤ ማንም ብቻውን አይሄድም። በሠላሳኛው ደቂቃ ተቀመጡ፤ ዳቦውን ከኪሳቸው አውጥተው በሉ። በአርባኛው ቆሙ። ዓይናቸው አልጨለመም።

ያ ዕረፍት ለኔ የቀኑ ዋና ክፍል ነው። ጋሼ ዳቦውን እያኘኩ "ይቅርታ፣ ቀናችሁን አበላሸሁባችሁ" አሉ። "ደክሞኝ ነበር። ደከመኝ ብል ሁሉም በኔ ምክንያት ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ።"

እትዬ ሳቁ። "እኔም እኮ ከሁለተኛው ማረፊያ ጀምሮ ደክሞኛል" አሉ። "ይህ ሰውዬ ሳይናገር እኔ ሴትዮዋ ልናገር? ብዬ አንተን እያየሁ ሄድኩ።"

ሚስትየው ቀጠሉ። እሳቸውም ሽንት ቤት ፍለጋ መቆም ፈልገው ነበር። መሐንዲሱ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነበር። አንድ በአንድ ወጣ። ከስምንቱ አምስቱ ቀስ እንድንል ፈልገው ነበር፤ አንዱም አልተናገረም። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሄድ "ቆይ፣ አንዴ" ለማለት አይከብደውም። አርባ ዓመት ከሚያውቀው ጋር ሲሆን ይሉኝታ ይይዘዋል።

ሰልፉ ሲገለበጥ

8 ሰዓት ከ50 ላይ ስንነሣ ሲስተር ቅደም ተከተሉን ቀየረችው። እትዬ ፊት። ጋሼ ሁለተኛ፣ ዱላቸውን ይዘው። ስፖርት መምህሩ መጨረሻ። ትእዛዙ አንድ ነበር፤ እትዬን የሚቀድም የለም።

የእትዬ አረማመድ ለማየት ምንም አይደለም። እርምጃቸው አጭር ነው። ዳገቱ ሲከብድ እርምጃውን ያሳጥሩታል እንጂ ምቱን አይቀይሩትም። አይፈጥኑም፤ ግን አይቆሙም። ቀሪውን አራት ኪሎ ሜትር አንዴ ብቻ፣ ለአምስት ደቂቃ፣ ቆመን በ1 ሰዓት ከ30 ጨረስነው። ጠዋት ያንኑ መንገድ ስንወጣ፣ የኋለኛው ሰው እስኪደርስ ሲጠበቅ፣ 1 ሰዓት ከ45 ፈጅቶ ነበር። መውጣትና መውረድ አንድ ስላይደለ ንጽጽሩ አያስኬድም፤ መሐንዲሱም ራሳቸው አሉት። ማስረጃው በኋላ መጣ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ተራራ በእትዬ መሪነት ወጣን። የመጨረሻው ሰው ጫፍ የደረሰው በ3 ሰዓት ከ25 ነው፤ በመጀመሪያው ቀን 3 ሰዓት ከ50 ነበር። ቀርፋፋው መሪ 25 ደቂቃ አተረፈልን።

ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። ፈጣን ሰው ሲመራ ሰልፉ ይለጠጣል፤ ከዚያ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ኋላ ያለው ለመድረስ ይጣደፋል፣ ይደክማል፣ ከዚያ የበለጠ ይዘገያል። ቡድን የሚደርሰው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ፊት ያለው ሰው ፍጥነት ማንንም አያደርስም። ዝግተኛው ፊት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይቀየራል። ዕረፍት ሲሆን ሁሉም እኩል ይቀመጣል፣ እኩል ይነሣል። ወሬም ይመለሳል። ጋሼ ያን ዕለት ስንወርድ ሦስት ረጃጅም ታሪኮች አውርተዋል፤ ሁለቱን ከዚህ በፊት ሰምተናቸዋል።

መነጽሩ

ለምን ወደቁ የሚለው ጥያቄ ግን በድካም ብቻ አልተዘጋም። ነገሩን ያነሡት እትዬ ናቸው። ከፊት ሆነው ዞር ሲሉ ጋሼ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መሬት ሲያዩ አስተዋሉ። "ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የምታቀረቅረው?" ቢሏቸው "ካላቀረቀርኩ ድንጋዩ ይደበዝዝብኛል" አሉ።

ጋሼ ያደረጉት ቅርብና ሩቅ የሚያሳይ ባለ ሁለት ሌንስ መነጽር ነበር። የታችኛው ክፍል ለንባብ ነው፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት ያለ ጽሑፍ ያጠራል። እግራችን የሚያርፍበት መሬት ግን ከዓይናችን ከዚያ በጣም ይርቃል። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ዓይኑን ወደ ታች ሲጥል የሚያየው በንባቡ ሌንስ ነው። ድንጋዩ ይደበዝዛል፤ ርቀቱም ይዛባል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ይህንኑ መርምሯል። እንዲህ ዓይነት መነጽር የሚያደርጉና ብዙ ጊዜ ውጭ የሚንቀሳቀሱ አዛውንቶች ከቤት ሲወጡ ሩቅ ብቻ የሚያሳይ መነጽር ሲሰጣቸው መውደቃቸው ቀንሷል። ብዙ ለማይወጡት ግን አልሠራም፤ እንዲያውም ውጭ መውደቃቸው ጨምሯል። መነጽር መቀያየሩን የሚለምደው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው ማለት ይመስላል። ጋሼ ሩቅ ብቻ የሚያሳይ መነጽር አላቸው። ያን ዕለት መኪና ውስጥ ነበር፤ የሚጠቀሙበት ለመንዳት ነው።

እኔ በበኩሌ ከጠጠሩም ከድካሙም ይልቅ መነጽሩ ነው የጣላቸው ባይ ነኝ። ሲስተር አትስማማም። ቀጥ ብሎ የሚያይ ሰውም ቢሆን በዚያ ጭን ይወድቅ ነበር ትላለች። ሁለታችንም ልናረጋግጠው አንችልም።

ከዚያ ወዲህ

መሐንዲሱ ቀመራቸውን አልጣሉትም። ናይስሚዝ የሚሰጣቸውን ቁጥር በአንድ ተኩል ያባዙታል፤ የቁልቁለቱን ይጨምራሉ፤ ዕረፍቱን ለብቻው ይደምራሉ። ደግሞ የመመለሻ ሰዓት ይቆረጣል። ጫፍ ደረስን አልደረስን፣ በዚያ ሰዓት ፊታችንን እናዞራለን። ሰዓቱን የሚያውጀው ጫፍ ለመድረስ የማይጓጓ ሰው መሆን አለበት ተብሎ ሚስትየው ተመርጠዋል።

ኮዳ ቦርሳ ሥር መቅበር ቀርቷል፤ በጎን ኪስ ነው። ባቆምን ቁጥር ሁሉም ይጎነጫል፤ ቢጠማውም ባይጠማውም። ሽንት የሚባለው ነገርም ነውርነቱ ቀረ። መጀመሪያ ቆመን ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ እንበታተናለን፤ ማንም ለብቻው አይጠየቅም። ፊሽካ ያልነበረን ሰዎች አሁን በየቦርሳችን አለን። በተራሮች ላይ የታወቀው የድረሱልኝ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም ነው።

ጋሼ ስለ ኪኒናቸው ሐኪማቸውን አማከሩ። የተራራ ቀን የሚያሸናውን ከጉዞ መልስ እንዲወስዱት ተነግሯቸዋል፤ ሌላውን እንደ ወትሮው። ይህ ለእሳቸው የተሰጠ መልስ ነው። ሌላ ሰው ከራሱ ሐኪም ሳይጠይቅ ኪኒኑን እንዳያዛውር፤ በተለይ ቤታ ብሎከርን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

የከበደን ስፖርት መምህሩን ማስደሰት ነው። በእትዬ ፍጥነት መሄድ እንቅልፍ ያመጣብኛል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጠንካራ ሰው ላብ ሳያልበው ሲመለስ ቅር ይለዋል። የተስማማነው ይህን ነው። እሳቸውና ከባልና ሚስቱ ደህና እግር ያለው ከኛ በኋላ በአርባ ደቂቃ ይነሣሉ። ሁለት ስለሆኑ ብቻውን የሚቀር የለም። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ይደርሱብናል፤ ከዚያ አብረን ነን። እትዬ ይህ ውል ከወጣ ወዲህ ትንሽ ፈጥነዋል። ስፖርት መምህሩ ሳይደርሱባቸው ሦስተኛውን ማረፊያ ማለፍ እንደሚፈልጉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲጠየቁ ግን ይክዳሉ። ሲስተር እየሳቀች ወሬ እያስወራቻቸው ትከተላለች፤ ዓረፍተ ነገራቸው ካጠረ ታስቆማቸዋለች።